ለእንሹ የሰጠሁት መሬት

ቆቦ የሄድኩት ለመጣላት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ደሴ ውስጥ «መምህርት በላይነሽ አርጅታ አውሬ ልታይ ቆላ ወረደች» እያሉ የሚያወሩ ስላሉ ነው። አውሬ ለማየት አልሄድኩም። የሄድኩት የአባቴን መሬት ለማስመለስ ነው፤ በዚያው የወንድሜን ሚስት እታገኝን ሰው ፊት አቁሜ ልናገራት።

ነገሩን የማያውቅ እንዳይቸገር ከሥሩ ልጀምር። አባቴ ሲሞት እኔ ደሴ አስተማሪ ነበርኩ፤ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ነበርኩ። መርዶው የደረሰኝ አባቴ ከተቀበረ ከወር በላይ ቆይቶ ነው። ቆቦ ስገባ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ለቀስተኛው ተበትኗል። «እንዳይነገረኝ ያደረገ ማነው?» ብዬ ስጮህ እታገኝ ከጓዳ ብቅ ብላ «እኔ ነኝ፣ አትንገሯት ያልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። ምክንያት አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። አራስ ብሆንስ፣ አራስ አባት የላትም? ከዚያ ወዲህ በትውልድ አገሬ ስሜ «አባቷን ያልቀበረች» እንደሆነ ነው የማውቀው። ወንድሜ ሲሞት ሄጄ ቀብሬ፣ እታገኝ ቤት እህል ሳልቀምስ በዚያው ቀን ተመለስኩ። ሌላ ጊዜ አልረገጥኩትም።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ የሩቅ ዘመዴ ሽፈራው ከቆቦ ደወለ።

«እትዬ በላይነሽ፣ መሬትሽን ለእንሹ ሰጡብሽ እኮ!»

«ለማን?»

«ለእንሹ! ለአውሬ!»

እንሹ ከፍየል ግልገል የማትበልጥ፣ እግሯ እንደ ስንደዶ የቀጠነ የቆላ ሚዳቋ ናት። ከዞብል ተራራ ግርጌ ያለውን ሜዳ ቅሬው ከልሎታል፤ ፍየል አይገባም፣ መጥረቢያ አይነሳም፣ ወጥመድ አይጠመድም። ቅሬ እኛ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብረው ማኅበር ነው፤ ሌላው አገር ዕድር ይለዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው። የአባቴ መሬት፣ እኔና ወንድሜ የወረስነው፣ ከክልሉ መሐል ገብቷል።

«ማነው የሰጠው?» አልኩት።

«እታገኝ ናታ! ሐሙስ ቅሬው ስለ ክልሉ ይሰበሰባል። መጥተሽ ‹አልሰጠሁም› ካልሽ አለቀ። እኔ ሽንኩርት አለማበታለሁ፤ የውሃ ሞተርም አለኝ።»

ሽፈራውን ወድጄው አይደለም። ግን ያን ቀን ከቆቦ የደወለልኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ

ከደሴ የወጣሁት በጉም ነው። ከቤቴ መናኸሪያ እስክደርስ አንድም ጎረቤት አላየኝም፤ በዚህ ደስ አለኝ። ጋቢ ደርቤ፣ ለስብሰባው የምለብሰውን ነጭ ቀሚስ ሻንጣ ውስጥ አጣጥፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ሻንጣዬን ከላይ ሲጭን ከዘይት ጀሪካን አጠገብ እንዳያደርገው ነገርኩት። «አብሽሪ እማማ» አለኝ። አብሽሪ ወሎ ውስጥ አይዞሽ ነው። በዚህ ልጅ አፍ ግን አልሰማሁሽም ማለቱ ነበር፤ በኋላ ታወቀ።

መርሳ ላይ ጋቢዬን አወለቅኩ። ወልድያ መኪና ቀየርን። ጎብዬን ስናልፍ ሹራቤንም አወለቅኩ። እኛ ጋ በነሐሴ ሰው ከሰል አቅፎ ይውላል፤ እዚያ ግን መስኮት የሚከፍት ሰው ይመረቃል። ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፣ ቁመቱ ሰው ይውጣል።

ሮቢት ላይ በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ፓፓያ በዘንቢል ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ወዲያው የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ለመንገደኛ ዘሬን መቁጠር አልወድም፤ ሙቀቱ አድክሞኝ ነው መሰለኝ «የአቶ ወልዴ ልጅ ነኝ» አልኳት።

«የዞብል ግርጌው ወልዴ?» አለች። «እንዴ! ለእንሹ መሬት የሰጠሽው አንቺ ነሻ!»

አይደለሁም ለማለት አፌን ስከፍት ትከሻዬን ሳመችኝ። አንዱን ፓፓያ ጭኔ ላይ አስቀመጠች።

«ልጁስ? ልጁ ደህና ነው?»

አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ አዲስ አበባ ይሠራል፣ ራሱ የልጆች አባት ሆኗል። ይህች ሴት ከየት አወቀችው? «ደህና ነው» አልኳት ባጭሩ።

«ተመስገን» ብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ ስለ ራሷ ልጅ የነገርኳት ያህል።

እኔ ተነጠቅኩ ብዬ መጥቼ ሰጠሽ ተባልኩ። ፓፓያውን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። መልሼ ልስጣት ብል ነውር ነው፤ ልወስደው ደግሞ የማን ውለታ እንደሆነ አላውቅም።

ያረፍኩት ዋናው መንገድ ዳር፣ ለተብርሃን የምትባል ሴት ቤት ነው። ወላጆቿ ከደቡብ ትግራይ ለንግድ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ እሷ ቆቦ ተወልዳ ምግብ ቤት ከፍታ አልጋ ታከራያለች። ሻንጣዬን ስከፍት ነጩ ቀሚስ ከአንገቱ እስከ ጥለቱ ዘይት ጠጥቷል።

«ዋይ!» አለች ለተብርሃን በሩ ላይ ቆማ። «በይ አምጪው፣ ሳይደርቅ።»

«ተዪው፣ እኔ አጥበዋለሁ።»

«ለእንሹ መሬት የሰጠች ሴት እኔ ቤት ልብስ አታጥብም» ብላ ነጠቀችኝ። እሷም ሰምታለች ማለት ነው። ተመልሳ ስትመጣ የራሷን ቀሚስ ይዛልኝ መጣች፤ ቀይ፣ አበባ የፈሰሰበት። እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ ቀይ ለብሼ አላውቅም። በዚህ ልጣላ ነው አልኩ በሆዴ።

ራት የዘንጋዳ እንጀራ በፍየል ወጥ አቀረበችልኝ። እንጀራው ቀላ ያለ ነው፣ እንደኛ ጤፍ እጅ ላይ አይለሰልስም፤ ግን ያጠግባል። ስበላ ለሽፈራው ደወልኩ።

«ሰው ሁሉ ሰጠሽ ይለኛል» አልኩት።

«እሱ ነዋ ተንኮሏ! ባንቺ ስም ሰጥታ አፍሽን ልታስይዝሽ!»

ይህ ልክ መሰለኝ። ከእታገኝ የምጠብቀውም ይህንኑ ነበር። ቢሆንም ከማን ጋር እንደምጣላ ሳውቅ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሰው፣ ያን ዕለት ቶሎ አልወሰደኝም።

ረቡዕ

ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ዞብል ግርጌ ሄድኩ። ሆርማት ወንዝን የተሻገርነው በደረቅ አሸዋ ነው፤ እግሬ እንኳ አልረጠበም። ባለባጃጁ ከወንዙ ማዶ፣ በከተማው በኩል ቤተሰብ ስላለው ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ ብሎኝ ሄደ።

ክልሉን የሚጠብቀው ሐሰን የሚባል ቀጭን ሰው ነው፤ ቅሬው መርጦት ነው። መሣሪያው በትር ብቻ ናት። ስሜን ሲሰማ በትሩን ጥሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«ልጁ ደህና ነው?» አለኝ።

አሁንስ ተናደድኩ። «ልጄን ታውቀዋለህ?»

«እኔ እንኳ አላውቀውም። አባቴ ግን እስኪሞት ይጠይቅ ነበር።»

ሌላ ነገር ሳልጠይቀው መንገዱን ያዘ። ከድንጋይ ካቡ ውጭ ያለው መሬት በዚህ ሁሉ ዝናብ ፍየል ግጦት እንደ ተላጨ ራስ ነው። ካቡን ስንሻገር ሣሩ ጉልበቴ ደረሰ። ግራሩ፣ በደኖው፣ ቁርቁራው አልተቆረጠም፤ ከሥራቸው ሬት በቅሏል። ጅግሮች በመንጋ ሲሮጡ ደሴ የትምህርት ቤት ደወል ሲደወል ልጆቹ የሚወጡትን አስታወሱኝ። ሐሰን የእንሹ በጠጥ ክምር አሳየኝ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚጥሉት አለ።

«እዚያ! ከበደኖው ሥር! ሁለት ናቸው!»

«የቱ ጋ?»

«ያቻትና! ጆሮዋን የነቀነቀችው!»

ዓይኔ ከራቀ ነገር ጋር ከተለያየ ቆይቷል። ያየሁት ቅጠል ነው። «አላየሁም» አልኩት።

«ወላሂ አሁን እዚያ ነበሩ።»

የአባቴ መሬት ጋ ስንደርስ የድንበሩ ድንጋይ የት እንደነበር ጠፋኝ። አባቴ እዚህ ማሽላ ሲዘራ ወፍ እጠብቅ ነበር፤ የጩኸቴን ማሚቶ አውቀዋለሁ። አሁን ግን ሣርና ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ከተራራው የሚወርደው ሸለቆ አፉን የሚከፍተው እዚያ ነው፤ ጎርፍ ሲመጣ ውሃው ገብቶ ይተኛበታል።

«ይህ የርስዎ መሬት ባይገባ ክልሉ ለሁለት ይቆረጥ ነበር» አለ ሐሰን። «ፍየሉም ከሰል አክሳዩም በዚህ ነው የሚገባው። እንሹም ውሃ የምታገኘው እዚሁ ነው። ነገ ሰው ምን ይል ይሆን ብለን ነው ያለነው፤ ሽፈራው እያወራ ነውና።»

ምን ልል እንደመጣሁ ልነግረው አልቻልኩም። ዞር ስል የግራር እሾህ የጫማዬን ሶል በስቶ ተረከዜ ውስጥ ገባ። ቀሚሱም በሌላው ግራር ተያዘ። እንደዚያ በአንድ እግሬ ቆሜ እያለሁ እታገኝ ከካቡ ባሻገር ካለው ቤቷ በሣሩ መሐል መጣች። አርጅታለች። ከአንገቷ በጥቁር ክር የታሰረ ወረንጦ ተንጠልጥሏል።

«ተቀመጪ» አለችኝ። ሰላም አልተባባልንም።

ተቀመጥኩ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ? እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ በወረንጦዋ ትፈልግ ጀመር።

«የማን ቀሚስ ነው?»

«ምን አገባሽ?»

«ሸጋ ነው። እሾህ ግን ይወዳል።»

ሐሰን ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ።

«መሬቴን ለምን ሰጠሽ?» አልኳት።

«እኔ አልሰጠሁም። የሰጠሽው አንቺ ነሽ። ለምለም ሣር ተይዞ ተመርቆልሻል።»

እኛ አገር ሽማግሌ ለምለም ሣር ይዞ የመረቀበት ስጦታ አይመለስም። የሚመልሰው ሰው ምርቃቱን አብሮ ይመልሳል። እኔ ግን ደሴ ቁጭ ብዬ ነው የተመረቅኩት!

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ደውዬ ስታነሺ ነው?»

ቁጥሯን ሳይ አላነሳም፤ እውነቷን ነው። «ታዲያ ዝም አትይም ነበር?»

«እኔ ሰጠሁ ብል ሽፈራው ‹ግማሹ ያንቺ አይደለም› ይላል። አንቺ ሰጠሽ ስል ግን ሁሉም ዝም አለ። አመኑት።» እሾሁን አውጥታ ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው። «አንቺ በሌለሽበት ሁሉ አንድ ሰው ላንቺ መናገር አለበት።»

ወዲያው ከተራራው በኩል ድምፅ መጣ። ሰማዩ እንደ መስተዋት የጠራ ነበር፤ አንድ ጠብታ አልወረደም። ደሴ ዝናብ ሳይመጣ ጎርፍ አይመጣም። እዚያ ግን ደጋ የዘነበው እኛ ላይ ደረሰ። ካቡ ላይ ሆነን ስናይ በደረቅ አሸዋ የተሻገርኩት ሆርማት ቡናማ ሆኖ ዛፍ ተሸክሞ ይሄዳል። ባጃጁ ወዲያ ማዶ ቆሞ ጥሩንባውን ነፋ፣ ነፋ፣ ተመልሶ ሄደ።

ስለዚህ ያደርኩት እህል አልቀምስበትም ካልኩት ቤት ነው። ራት ሲቀርብ እጄን ሰበሰብኩ።

«ብይ» አለች እታገኝ። «ነገ ስትጮሂብኝ ጉልበት ያስፈልግሻል።»

በላሁ። እርጎው ጥሩ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም።

ሐሙስ

ቅሬው የሚሰበሰበው ከአንድ ትልቅ ቁርቁራ ሥር ነው። የቅሬው ዳኛ አባ እንድሪስ ይባላሉ፤ በጣም ያረጁ፣ ሰውን በድምፁ የሚለዩ ሰው ናቸው። ሽፈራው ኮት ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። እኔ በተቀደደው ቀይ ቀሚስ ከሴቶቹ መሐል ነበርኩ።

ሽፈራው ተነሳ። «የመሬቱ ባለቤት መጥታለች። ሰጥታ እንደሆነ ከራሷ አፍ እንስማ» አለ።

ተነሳሁ። የምናገረውን ደሴ ሳለሁ አጥንቼዋለሁ። «ስለ መሬቱ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር አለኝ» አልኩ። «አባቴን ይህ ቅሬ ሲቀብር እኔ አልነበርኩም። ያልነበርኩት ስላልተነገረኝ ነው። ስሜ ግን ጠፍቶ ቀርቷል። መርዶዬን የያዘው ማን እንደሆነ እታገኝ ትነሳና ቅሬው ፊት ትናገር።»

እታገኝ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «እኔ ነኝ» አለች።

ብዙ ዓመት የጠበቅኩት ይህን ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ምንም አልመጣም።

«ተቀመጪ እታገኝ» አሉ አባ እንድሪስ። «ይበቃሻል።»

«አባ፣ ተዉት» አለች።

«አልተወውም። እኔም ወደ አላህ መሄጃዬ ነው።» ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «ልጄ፣ መርዶሽን የያዝነው እኛ ነን፤ ይህ ቅሬ። እዚሁ ቁርቁራ ሥር ተቀምጠን። የበኩር ልጅሽ ነው፣ ገና አልጠነከረም፣ ጡቱንም በደንብ አልያዘም ተባለ። መርዶ ከሰማች ወተቷ ይደርቃል፣ ሕፃኑ ይሞታል አልን። የሞተውን ቀብረናል፣ ያለው ይኑር አልን።»

«ታዲያ እሷ ለምን…»

«ስትመጪ ምን እንበላት ተባለ። ቅሬው ነው ካልናት ከቅሬው ትጣላለች፤ ከቅሬው የተጣላ ሰው ማን ይቀብርለታል? ያኔ እታገኝ ‹ከኔ ጋር ትጣላ፤ እኔ አንድ ሰው ነኝ› አለች። ሙሽራ ነበረች።» ወደኔ ጎንበስ አሉ። «ልጁ ኖረ?»

«ኖረ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከሴቶቹ በኩል «ተመስገን» ተባለ፤ የፓፓያዋ ሴት ድምፅም መሐላቸው ነበረ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልቤ ሟሟ ብዬ እንድጽፍ ይጠብቅ ይሆናል። አልሟሟም። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ማን ፈቀደላቸው? ልጄ በነሱ ዝምታ ይኑር በራሱ ዕድል፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ንዴቱን የማሳርፍበት ሰው አጣሁ። እታገኝ ላይ ልመልሰው ብል ቦታው ባዶ ነው። ቅሬው ላይ ልጥለው ብል ያን ቀን ከተቀመጡት ብዙዎቹ አፈር ለብሰዋል። «አባቷን ያልቀበረች» የሚለውንም ስም፣ አሁን ሳስበው፣ ከማን አፍ እንደሰማሁት ትዝ አላለኝም። በዚያ ላይ መሬቴንም እንደዚያው በሌለሁበት ተነጋግረው ሰጥተውልኛል። ልማዳቸው ነው።

«ስለ መሬት ነው የመጣነው!» አለ ሽፈራው። «እትዬ፣ አልሰጠሁም በያቸዋ!»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። አንዲት ሴት ከጎርፉ ዳር የነቀለችውን ለምለም ሣር እጄ ላይ አስቀመጠች። አልሰጠሁም ብል እውነት ነው። እታገኝ ቅሬው ፊት ውሸታም ትሆናለች፤ እኔም ከደሴ የመጣሁት ለዚሁ ነበር። ከዚያ የሸለቆው አፍ ይከፈታል። ፍየሉ፣ ከሰል አክሳዩ፣ የሽፈራው የውሃ ሞተር ይገባል። ሐሰን ከዳር ቆሞ በትሩን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

«ሰጥቻለሁ» አልኩ። «የሰጠሁት ግን ዛሬ ነው። የበፊቱን አላውቅም። ከእንግዲህ በሌለሁበት ማንም አይስጥልኝ፣ ማንም አይያዝልኝ። የምትመርቁኝ ከሆነም አሁን፣ በፊቴ ነው የምትመርቁኝ።»

ሽፈራው ኮቱን አራግፎ ሄደ። አባ እንድሪስ እጄን በዳበሳ ፈልገው፣ ሣሩን ከኔ ጋር ይዘው እንደገና መረቁ። እስላሙ አሚን አለ፣ ክርስቲያኑ አሜን አለ። እኔም አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ማንም አልሰማሁም እንዳይል።

ዓርብ

ሆርማት ጎድሎ ስለነበር በጠዋት ተሻገርኩ። ለተብርሃን ነጩን ቀሚስ አጥባ፣ ተኩሳ ጠብቃኛለች። ዘይቱ ጨርሶ አልለቀቀም፤ ጥለቱ ላይ ጥላ የመሰለ ነገር ቀርቷል። ቀዩን ተቀድዶ ስመልስላት አገላብጣ አየችውና «ለእንሹ የተቀደደ ነው፣ ውሰጂው» ብላ መልሳ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው። አሁን እዚህ ቤቴ ተሰቅሏል። እንደማልለብሰው አውቃለሁ።

ሽፈራው ጋ ደወልኩ፤ አላነሳም። ስልክ አለማንሳት ምን እንደሚመስል በሌላው ወገን ሆኜ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

መናኸሪያ ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል እታገኝ መጣች። በፌስታል የደረቀ የቁርቁራ ፍሬ ይዛለች። በመስኮቱ አቀበለችኝ። በዚህ ጊዜም ሰላም አልተባባልንም፤ ረስተነው ይሁን አስበንበት አላውቅም።

«እንሹን ሳታዪ ሄድሽ» አለች።

«አላየሁም። መኖራቸውንም እንጃ።»

«መስከረም ሲያልፍ፣ ሣሩ ሲታጨድ ይታያሉ። ነይ።»

እመጣለሁ ማለት አልፈለግኩም። አልመጣም ማለትም ሞክሬ አፌ ላይ አልመጣልኝም። ረዳቱ በሩን ዘጋ።

«የሞትሽ ጊዜ በሰዓቱ ይንገሩኝ» አልኳት በመስኮቱ። «እመጣለሁ።»

«እኔው ቀድሜ ደውዬ እነግርሻለሁ» አለች። «ብቻ ስልክሽን አንሺ።»